ለስቱዲዮ ፍላሽ የትኛው ትሪገር፣ የትኛው ባትሪ? የንጽጽር መመሪያ

የስቱዲዮ ፍላሽ ከግድግዳው ሶኬትና ከካሜራው ጋር ከሚያገናኘው የሲንክ ገመድ ሲላቀቅ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ፤ «ብልጭ በል» የሚለው ትእዛዝ በምን ይድረሰው? ብልጭ የሚልበትንስ ኃይል ከየት ያግኝ? ብዙ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ መጀመሪያ የሚገዛው ፍላሹን ነው። የዋት ሰከንዱን (የአንድ ብልጭታ ኃይል ልኬት) መጠን አይቶ ይመርጣል፣ ትእዛዙን ከካሜራው ወደ ፍላሹ የሚያደርሰውን ትሪገርና ባትሪውን ደግሞ በተረፈው ገንዘብ ያሟላል። እኔም የጀመርሁት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው። ፍላሽ ሲያረጅ ይለወጣል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲያስፈልግም ይጨመራል። የትሪገሩ ሥርዓት ግን አንዴ ከተገባበት በኋላ ወደፊት የሚገዛውን ፍላሽ ሁሉ ስለሚወስን ለመውጣት ብዙ ያስከፍላል። የባትሪውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ኩባንያ ባትሪ በሌላው ፍላሽ ላይ አይገጥምም፣ አንዳንዴም የአንዱ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ባትሪ አይዋዋሱም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ፍላሹ ራሱ የማነሣው ለትሪገሩና ለኃይሉ ምርጫ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው።

ገመድ፣ የብርሃን ዓይንና ኢንፍራሬድ

የሲንክ ገመድ የሚናቅ አይደለም። ባትሪ አይፈልግም፣ ቻናል አይምታታበትም፣ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስሮ የዕቃ ፎቶ ለሚያነሣ ሰው ዛሬም በቂ ነው። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድ ሰው በገመዱ ይሰናከልና መቆሚያው ከነፍላሹ ይወድቃል። ሁለተኛው ግን አይታይም። አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች በሲንክ መሰኪያቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይዘው ይገኛሉ፤ ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች ደግሞ ይህን ያህል እንዲሸከሙ የተሠሩ አይደሉም። አሮጌ ፍላሽ በእጁ የገባ ሰው ካሜራው ላይ ከመሰካቱ በፊት የመሰኪያውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለካ። ከፍ ያለ ሆኖ ካገኘው በመካከል የሬዲዮ ትሪገር ማስገባቱ ካሜራውን ከፍላሹ ፈጽሞ ይለየዋል፤ ፍላሹ ላይ የሚሰካው የትሪገሩ ተቀባይም የራሱ የቮልቴጅ ገደብ ስላለው መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ስሌቭ የሚባለው የብርሃን ዓይን በአብዛኞቹ የስቱዲዮ ፍላሾች ላይ ተገጥሞ ይመጣል። የሌላ ፍላሽ ብልጭታ ሲያይ የራሱን ፍላሽ ያበራል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ግድግዳ ብርሃኑን እያንጸባረቀለት፣ የማያሳፍር ሥራ ይሠራል። ሦስት ነገሮች ግን ያሸንፉታል። የመጀመሪያው ፀሐይ ናት፤ በጠራራ ብርሃን ዓይኑ ብልጭታውን ከአካባቢው ብርሃን መለየት ያቅተዋል። ሁለተኛው የቲቲኤል (ካሜራው በሌንሱ በኩል ለክቶ የፍላሹን ኃይል ራሱ የሚወስንበት አሠራር) ቅድመ ብልጭታ ነው። ካሜራው ብርሃኑን ለመለካት ከዋናው በፊት ትንሽ ብልጭታ ሲልክ ስሌቩ በዚያችው ተታሎ ያለ ጊዜው ይበራል። ይህን ለማለፍ አንዳንድ ፍላሾች ኤስ1 እና ኤስ2 የተባሉ ሁለት አሠራሮች አሏቸው፤ ሁለተኛው ቅድመ ብልጭታውን ቆጥሮ ያሳልፈዋል። ሦስተኛው ሌላ ሰው ነው፤ በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ካሜራ የያዘ እንግዳ ሁሉ ሳያውቀው የእናንተን ፍላሽ ያዛል። ለእኔ ስሌቭ የመጠባበቂያ መንገድ ነው። ሦስት ፍላሽ ኖሮኝ ሁለት ተቀባይ ብቻ የያዝሁ ዕለት ሦስተኛውን በእርሱ አስነሣዋለሁ።

ኢንፍራሬድ ትሪገር የብርሃን ዓይኑ ድካም ሁሉ አለበት፤ ያለፊት ለፊት መተያየት አይሠራም፣ ከቤት ውጭም አቅም ያንሰዋል። ዛሬ አዲስ ለሚገዛ ሰው የምመክርበት ምክንያት አላገኘሁም።

ሬዲዮ፦ የሚከፈልበትና የማይከፈልበት

የቀረው ሬዲዮ ነው፤ በሬዲዮ ትሪገሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከውጭ ሲታዩ ከሚመስለው ይሰፋል። መጀመሪያ የሚታየው ፍሪኩዌንሲው ነው። የጎዶክስ ኤክስ፣ የፕሮፎቶ ኤርና የኤሊንክሮም ስካይፖርት ሥርዓቶች በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። ይህ መስመር በመላው ዓለም ያለ ፈቃድ እንዲሠራበት የተተወ ስለሆነ ለተጓዥ ፎቶ አንሺ ይመቻል፤ ነገር ግን ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠሩት በዚያው መስመር ነው። ፖኬትዊዛርድ ለሰሜን አሜሪካ በ344 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ለአውሮፓ ደግሞ በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ የተለያዩ መሣሪያዎችን ሲሸጥ ኖሯል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይናበቡም። ያገለገለ ፖኬትዊዛርድ የሚገዛ ሰው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳያነብ ገንዘብ እንዳይከፍል የምለው ለዚህ ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው።

በ2.4 ጊጋኸርዝ መስመር ላይ ማስታወቂያዎች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ውኃ ይህን ሞገድ ይመጥጣል፤ የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ረድፍ ያለው የቡድን ፎቶ ሳነሣ ከሰዎቹ ጀርባ ያቆምሁት ፍላሽ አንዴ ይበራል፣ ሁለቴ ይቀራል። ባትሪ ቀየርሁ፣ ቻናል ቀየርሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ርቀቱ ከ12 ሜትር አይበልጥም፤ የትሪገሩ ሣጥን ላይ የተጻፈው ግን 100 ሜትር ነው። በመጨረሻ መቆሚያውን ከፍ አድርጌ ፍላሹን ከሰዎቹ ራስ በላይ ሳወጣው ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልሳተም። ቀድሞ በወገባቸው ትክክል ነበር፤ በእኔና በእርሱ መካከል ደግሞ አምስት ረድፍ ሰው ቆሟል። ስለዚህ ፍላሽ ሳይበራ ሲቀር ሜኑ ውስጥ ከመግባት በፊት በመካከል ሰው፣ ብረት ወይም የውኃ ጋን መኖር አለመኖሩን ማየት ጊዜ ይቆጥባል።

ስለ ርቀት ከተነሣ አይቀር፣ ለርቀት ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል በአብዛኛው ከንቱ ነው። 100 ሜትር የሚለውና 300 ሜትር የሚለው ትሪገር በስቱዲዮ ውስጥ ልዩነት የላቸውም፤ ፍላሼ ከእኔ የሚርቀው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። ይልቁንም ቅርበት ራሱ ችግር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ተቀባዩ ካሜራው አጠገብ ሲሆን ምልክቱ ከመጠን በላይ እየጠነከረ ፍላሹ ሳይበራ ይቀራል፤ አንዳንድ የጎዶክስ ትሪገሮች ሜኑ ላይ ከ0 እስከ 30 ሜትር የሚል ምርጫ የተቀመጠው ለዚህ ነው። የማዕድ ወይም የጌጣጌጥ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ይህን ምርጫ ቢፈልገው ይጠቀማል።

ቻናልና መለያ ቁጥር ደግሞ በርቀት ፋንታ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። በአንድ አዳራሽ ሁለት ፎቶ አንሺዎች አንድ ዓይነት ትሪገር ይዘው ቻናል 1 ላይ ቢቀመጡ አንዱ ሲያነሣ የሌላው ፍላሽ ይበራል፤ ባትሪውም በሰው ሥራ ያልቃል። ጎዶክስ 32 ቻናሎች ሲኖሩት በዚያ ላይ ከ1 እስከ 99 የሚሄድ መለያ ቁጥር ጨምሯል፤ መለያው ከተሰጠ በኋላ መጋጨት በጣም ይርቃል። ቻናላቸው አራት ብቻ የሆኑ ርካሽ ትሪገሮች ለብቸኛ ሥራ አያንሱም፤ ብዙ ባለሙያ በሚሰበሰብበት ቦታ ግን ያሳፍራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት እንግባ። ትሪገሮች በችሎታቸው በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ ማለት ይቻላል፤ ማስነሣት ብቻ የሚችሉ፣ የፍላሹን ኃይል ከካሜራው ላይ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚችሉ፣ ከዚህም አልፈው ቲቲኤልና ኤችኤስኤስ (ፍላሽን በፈጣን የመዝጊያ ፍጥነት የሚያሠራ ዘዴ) የሚያስተላልፉ። ማስነሣት ብቻ የሚችለው ካሜራ አይመርጥም፤ በሆት ሹው (በካሜራው አናት ላይ ባለው የፍላሽ መግጠሚያ) መካከል ያለችውን አንዲት ነጥብ ብቻ ስለሚጠቀም ከየትኛውም ኩባንያ ካሜራ ጋር ይሠራል። ብቸኛው ጥንቃቄ እንደ ካኖን 250ዲ ያሉ ጥቂት ካሜራዎች ያችን ነጥብ ጨርሶ የሌላቸው መሆናቸው ነው፤ በእነርሱ ላይ ለካኖን ተብሎ የተሠራ ትሪገር ካልሆነ ተራው አይበራም። ቲቲኤል የሚያስተላልፈው ግን የካሜራውን ቋንቋ ማወቅ ስላለበት ለካኖን፣ ለኒኮን፣ ለሶኒ እየተባለ ለየብቻ ይሸጣል። ካሜራ ለመቀየር የሚያስብ ሰው ትሪገሩንም አብሮ እንደሚቀይር ከወዲሁ ያስላ፤ ፍላሹ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ከሦስቱ ገንዘብ የሚገባው የትኛው ነው ብትሉኝ የመካከለኛው ነው እላለሁ። በስቱዲዮ ውስጥ ፍላሹም ሰውየውም ቦታቸውን አይለቁም፤ ካሜራው በየፎቶው ብርሃኑን እንደገና እየለካ የሚቀያይርበት ምክንያት የለም፣ እንዲያውም ጥቁር ልብስ የለበሰው ሄዶ ነጭ የለበሰው ሲቀመጥ ቲቲኤል ውጤቱን ያዛባዋል። ኃይሉን ከካሜራው ላይ መቆጣጠር ግን ሥራውን ይለውጠዋል። የፀጉር ብርሃኑ በቡም ዘንግ ጫፍ ከሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ ሳለ ሲሶ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃንን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) ለመቀነስ መሰላል አምጥቶ መውጣትና፣ በእጅ ያለውን ጎማ አንድ ጊዜ ማዞር፣ ልዩነታቸው የሚታወቀው በቀኑ ፍጻሜ በወገብ ላይ ነው። ሠርግና ዝግጅት የሚያነሣ፣ ከርቀት ወደ ቅርበት የሚሮጥ ሰው ቲቲኤሉን ቢገዛ አልከራከረውም።

ስለ ኤችኤስኤስ ለመፍረድ የካሜራውን መጋረጃ፣ ማለትም ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚያስገባውንና የሚከለክለውን መዝጊያ፣ ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ተገልጦ የሚታየው እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ሲፈጥን ሁለቱ መጋረጃዎች ጠባብ ክፍተት ፈጥረው አብረው ስለሚሮጡ ፍላሹ የሚያገኘው የፎቶውን ከፊል ብቻ ነው፤ የቀረው ጥቁር ይሆናል። ኤችኤስኤስ ይህን የሚያልፈው ፍላሹን መጋረጃው ተጉዞ እስኪጨርስ ድረስ በጣም በፈጠነ ተከታታይ ብልጭታ እንደማያቋርጥ መብራት በማብራት ነው። ዋጋውን ደግሞ በብርሃን ያስከፍላል፤ ቢያንስ ሁለት ስቶፕ ያህል ይጠፋል፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል፣ ፍላሹም ይግላል። ስቱዲዮ ውስጥ አያስፈልግም። በፀሐይ ላይ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ሰፊ አድርጎ ማንሣት ለሚፈልግ ሰው ሦስት ስቶፕ የሚያጠቁር ኤንዲ ፊልተር በዝቅተኛ ዋጋ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል፤ ፈጣን እንቅስቃሴን ቀጥ አድርጎ ማስቆም ከፈለገ ግን ኤችኤስኤስ የግድ ነው። በሌንሱ ውስጥ መዝጊያ ያላቸው ካሜራዎች ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ በ2023 ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 3ኛው ደግሞ ሴንሰሩ በአንድ ጊዜ ስለሚነበብ ፍላሽን እስከ 1/80000 ሰከንድ ይቀበላል። እነዚህ ለጊዜው የጥቂቶች ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ርካሽ ትሪገር በ1/250 ላይ ከፎቶው በአንደኛው ጠርዝ ጥቁር መስመር ቢያሳይ ሬዲዮው ዘግይቶ ደርሶ አይደለም። ሞገዱ 10 ሜትር የሚሄደው በ33 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ነው። የሚዘገየው ትእዛዙን የሚያቀናብረውና የሚፈታው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ወደ 1/160 መውረድ ችግሩን ያስወግደዋል፤ በስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑን የሚቀርጸው ፍላሹ ራሱ ስለሆነ ከዚህ የሚታጣ ነገር የለም።

ተቀባዩ ፍላሹ ውስጥ ተሠርቶ ይምጣ ወይስ ለብቻው ይሰካ ለሚለው፣ አዲስ የሚገዛ ሰው ውስጡ ያለውን ይምረጥ። በውጭ የሚሰካ ተቀባይ የራሱ ባትሪ፣ የራሱ ማብሪያና የራሱ ልቅ መሰኪያ አለው፤ አንዱ ሲረሳ ሥራው ይቆማል። ደኅና አሮጌ ፍላሾች ያሉት ሰው ግን እነርሱን ጥሎ አዲስ ሥርዓት መግዛት የለበትም። በ3.5 ወይም በ6.35 ሚሊሜትር መሰኪያ የሚገቡ ተራ ተቀባዮች ይበቁታል፤ የመሰኪያውን ልክ ቀድሞ ይለካ እንጂ። የትሪገሩ የራሱ ባትሪም ይታሰብበት። በኤኤ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ይበልጥ ይመቸኛል፤ በሥራ መካከል ቢያልቅ በየትኛውም ቦታ ይገኛል፣ እንደ ሳንቲም የተጠፈጠፈችው ባትሪ ግን ስትፈለግ አትገኝም።

ኃይል፦ ከማስታወቂያው በፊት ስሌቱ

ባትሪ ሲመረጥ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ብልጭታ ይሰጣል?» ብሎ ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱን ግን ራስን ችሎ ማስላት ይቻላል። አንድ ዋት ሰከንድ አንድ ጁል ነው፤ አንድ ዋት ሰዓት ደግሞ 3600 ጁል ነው። ጎዶክስ ኤዲ600 ፕሮን እንውሰድ። ባትሪው 28.8 ቮልትና 2600 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 75 ዋት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ጁል ሲመለስ 270,000 ያህል ይሆናል። ፍላሹ በሙሉ ኃይሉ 600 ጁል ስለሚፈልግ በወረቀት ላይ 450 ብልጭታ ይወጣዋል፤ ኩባንያው የሚለው 360 ነው። ታናሹ ኤዲ200 በ14.4 ቮልትና በ2900 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 750 ሊደርስ ሲችል የሚባልለት 500 ነው። የቀረው ኃይል ቮልቴጁን ከፍ በማድረግ ሂደት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እንግዲህ የማንኛውንም ባትሪ ዋት ሰዓት በ3600 አባዝቶ፣ በፍላሹ ጁል አካፍሎ፣ ከውጤቱ ሁለት ሦስተኛውን መውሰድ ለገበያ የሚበቃ ግምት ይሰጣል። ከዚህ በጣም በላይ የሚል ማስታወቂያ የሚቆጥረው በዝቅተኛ ኃይል የሚገኘውን ብልጭታ ነው።

ቀጥሎ የራስን ሥራ መቁጠር ነው። በአንድ የፖርትሬት ፕሮግራም 400 ፎቶ የሚያነሣ ሰው ፍላሹን በሩብ ኃይል ቢጠቀም የሚያወጣው የ100 ሙሉ ብልጭታ ኃይል ብቻ ነው። አንድ ባትሪ ተርፎት ይመለሳል ማለት ነው። ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ለአንድ ሳምንት በስንት ኃይል እንደምትሠሩ መዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ባትሪ የሚገዛው ለሥራው ሳይሆን ለሥጋት ነው። ሥጋቱንም አልንቅም፣ ግን ስሙን ማወቅ ይገባል።

የፍላሹ መጠንም የባትሪውን ክብደት ስለሚወስን እዚህ ላይ ይነሣል። ከ400 ዋት ሰከንድ ወደ 800 መውጣት ዋጋውንና ክብደቱን እጅግ ይጨምራል፤ የሚያስገኘው ግን አንድ ስቶፕ ብቻ ነው፣ በአፐርቸር ሲታይ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 11። ያንኑ አንድ ስቶፕ አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ100 ወደ 200 በማሳደግ በነጻ ማግኘት ይቻላል፤ ፍላሹን ወደ ሰውየው በግማሽ ማቅረብ ደግሞ ሁለት ስቶፕ ገደማ ይሰጣል። ትልቅ ፍላሽ የሚያስፈልገው ከፀሐይ ጋር ለመፎካከር ነው። በጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 እና በ1/200 ሰከንድ ትክክለኛው አፐርቸር ኤፍ 11 አካባቢ ስለሚሆን ፍላሹ ብርሃኑን በሚያለሰልሰው የሶፍትቦክስ ጨርቅ አልፎ ቢያንስ ያንን ያህል ማድረስ አለበት። ለዚህ ከ400 እስከ 600 ዋት ሰከንድ ያለው ይመቻል፤ 200ው ግን ያለ ሶፍትቦክስ ወይም በጣም ቀርቦ ካልሆነ ይጨነቃል።

ኃይሉ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ባትሪው ከፍላሹ ጋር አንድ አካል የሆነበት ዓይነት ዛሬ ለአብዛኛው ሰው ቀዳሚ ምርጫ ነው። ገመድ የለውም፣ ሁለት ፍላሽ ካለ አንዱ ቢሞት ሌላው ይሠራል። ነውሩ ክብደቱ ከመቆሚያው አናት ላይ መቀመጡ ነው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ነገር ከሶፍትቦክስ ጋር ከፍ ብሎ ሲቆም ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል፣ የአሸዋ ከረጢት ያለማሰር ድፍረት ነው። ባትሪውን የያዘው የኃይል ሣጥን (ፓኩ) መሬት ላይ ተቀምጦ የመብራቱ ራስ ብቻ በገመድ ወደ ላይ የሚወጣበት ዓይነት ይህን ነውር ያስተካክለዋል። ራሱ ቀላል ስለሆነ በቡም ላይ አይከብድም፣ ፓኩም ከመቆሚያው እግር ሥር ተንጠልጥሎ የአሸዋ ከረጢቱን ሥራ ይሠራል። በአንጻሩ ፓኩ ሲያልቅ ከእርሱ የተገናኙት ራሶች ሁሉ አብረው ይጨልማሉ።

በሶኬት ብቻ የሚሠሩ ፍላሾች ያሉት ሰው ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ሶኬት ኃይል የሚቀይር መሣሪያ) ያለው ባትሪ ወይም ፓወር ስቴሽን ሊገዛ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የዋት ቁጥሩ ነው። ስቱዲዮ ፍላሽ እንደ አምፖል በእኩልነት አይጠጣም፤ ብልጭ ካለ በኋላ ኃይሉን የሚያጠራቅምበትን ካፓሲተር ለመሙላት በአንድ ትንፋሽ ይጎትታል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ስለዚህ የሚታየው የኢንቨርተሩ የማያቋርጥ ዋት ብቻ ሳይሆን ለአጭር ጊዜ የሚችለው ከፍተኛ ጭነትም ነው። ጭነቱ ሲበዛበት ኢንቨርተሩ ይዘጋል፤ ወይም ለፍላሽ ታስቦ የተሠራ ከሆነ የሚሰጠውን ይገድብና በሁለት ሰከንድ ይሞላ የነበረው ፍላሽ አራትና አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል።

ከኢንቨርተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ሞገዱ እንደ ግድግዳው ሶኬት ለስላሳ፣ ንጹሕ ሳይን የሚባለው መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። በወጣትነቴ ለኮምፒዩተር ተብሎ የተሸጠ ርካሽ ኢንቨርተር ላይ ፍላሽ ሰክቼ ነበር። ፍላሹ እንደ ንብ መንጋ እየዘመረ ሞላ፣ ከአሥር ብልጭታ በኋላም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ነቅዬ ጠገንሁት፤ የጥገናው ዋጋ ንጹሕ ሳይን ከሚሰጠው ኢንቨርተር ዋጋ ብዙ አላነሰም። ሌላው የተደበቀ ሌባ ሞዴሊንግ ላምፑ፣ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ለማሳየት ሳያቋርጥ የሚበራው አምፖል፣ ነው። የ150 ዋት ሃሎጅን አምፖል 500 ዋት ሰዓት ያለውን ፓወር ስቴሽን ያለ አንድ ብልጭታ በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ይጠፋ ወይም በኤልኢዲ ይቀየር። ፓወር ስቴሽኑ ኢኮ የሚባል የኃይል ቁጠባ አሠራር ካለውም ይዘጋ፤ በብልጭታዎች መካከል ጭነቱ ሲቀንስ «የሚጠቀም የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋልና።

በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካልም ይጠየቅ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከተራው ሊቲየም አዮን ይከብዳል፣ ነገር ግን ከ2000 ጊዜ በላይ ቻርጅ ተደርጎ ያገለግላል፣ ሙቀትንም ይበልጥ ይታገሣል፤ መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ፓወር ስቴሽን እርሱን እመርጣለሁ። በትከሻ ለሚሸከም ሰው ተራው ሊቲየም አዮን ይሻላል። አሮጌው ባለ እርሳስ ባትሪ ክብደቱ ብቻውን ከውድድር ያስወጣዋል። የነዳጅ ጄኔሬተር ለረጅም የውጭ ቀረጻ ካልሆነ አይታሰብም፤ ድምፁ፣ ጭሱና በፍላሹ ድንገተኛ ጉትቻ የሚዋዥቀው ቮልቴጁ ያሰለቻሉ፣ በቤት ውስጥ ማስነሣት ደግሞ የሚገድል ነው።

በካሜራ ላይ የሚገጠመውን ትንሹን ፍላሽ ከሶፍትቦክስ ጋር የሚጠቀም ሰው በኤኤ ድንጋይ ይሠራል። አልካላይን አይግዛ፤ ውስጣዊ ተቃውሞው ከፍተኛ ስለሆነ ከጥቂት ብልጭታ በኋላ መሙላቱ ይዘገያል። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ በ1.2 ቮልቱ አንሶ ቢታይም በጉልበት ይበልጠዋል፤ በ2005 የወጣው ኤነሉፕና መሰሎቹ ደግሞ ሳይሠሩ ቢቀመጡም ቻርጃቸውን ቶሎ አያጡም።

በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሣጥኑ ላይ ሌላ ቁጥር ይፈልግ። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ሊቲየም ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ መንገደኛው ክፍል ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ትርፍ ባትሪ ከሆነም ከሁለት አይበልጥም፤ ከ160 በላይ ያለው በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። ትርፍ ባትሪ ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ ነው። ፓወር ስቴሽን ገዝቶ ለጉዞ የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የፍላሽ ባትሪዎች ብዙዎቹ ከ100 በታች ሆነው የተሠሩትም በአጋጣሚ አይደለም።

ያገለገለ ዕቃ ሲሆን

አዲስ ዕቃ ዋስትና አለው፤ ያገለገለውን ግን ከመክፈል በፊት ራስ መፈተን ነው። ለወራት ሳይበራ የቆየ ፍላሽ ካፓሲተሩ ሊዳከም ይችላል፣ ለዓመት ባዶ ሆኖ የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪም ጭራሽ ላይነሣ ይችላል፤ ሁለቱንም በዓይን ማወቅ አይቻልም። ፍላሹን ፈትቶ ለማየት መሞከር ደግሞ አይገባም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። እኔ ካሜራዬንና ትሪገሩን ይዤ እሄዳለሁ። ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ፍላሹ በሙሉ ኃይል፣ ነጭ ግድግዳ ፊት፣ «ዝግጁ ነኝ» ባለ ቁጥር ወዲያው እያነሣሁ ሃያ ፎቶ አከታትላለሁ። ከዚያ ሃያውን በስክሪኑ ላይ በረድፍ አያቸዋለሁ፤ ብርሃናቸው እኩል ካልሆነ ፍላሹ ሳይሞላ ሞላሁ እያለ ነው። ቀጥዬ በ1/250 አነሣና ጥቁር መስመር እፈልጋለሁ። በመጨረሻ 15 ሜትር ያህል ርቄ፣ ጀርባዬን ለፍላሹ ሰጥቼ፣ ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ አሥር ጊዜ እጫናለሁ፤ ሻጩ ፍላሹ አጠገብ ቆሞ ስንት ጊዜ እንደበራ ይቆጥርልኛል። ዘጠኝ ካለኝ ቻናል ቀይረን አንድ ጊዜ እንደግመዋለን። አሁንም ዘጠኝ ከሆነ፣ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስልኝ እንኳ አመስግኜ እሄዳለሁ።